የአንድ ትራንስፎርመር ጉዳይ፦ ደሴ ላይ መብራት ለምን ይደክማል?

ደሴ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው። ወደ በር ወጥቶ ማዶውን ያያል። «የሁሉም ነው ወይስ የእኛ ብቻ?» ከተማዋ በተራሮች መሀል ስለተቀመጠች ማዶውን ማየት አያስቸግርም። ፒያሳ ቦግ ብሎ የጦሳ ተራራ ሥር ከጨለመ፣ ነገሩ የሰፈር ነው። ሰው ጥያቄውን ሳያስበው ይጠይቀዋል። ለመብራት ችግር ግን ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ምርመራ የለም።

የምጽፈው ስለ አንድ ሰፈር ነው። ጦሳ ሥር ወደ ዳገቱ እየወጣ የተሠራ፣ በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀም ሰፈር። የምኖረው እዚያው ነው። ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋትና መጠገን ስለሆነ ጎረቤት መብራት ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። የሰፈራችን ትልቁ ችግር የመብራቱ መጥፋት አልነበረም። ድካሙ ነበር። አመሻሽ ላይ አምፖሉ ይቀላል። ፍሪጁ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ስታቢላይዘሩ ጠቅ ጠቅ ሲል ያመሻል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ምጣዱ ጭራሽ አልግል ይላል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ከምጣዱ ሲነሳም ይቀደዳል።

ሁሉም የየራሱ ማብራሪያ ነበረው። አንዱ የግድቡ ውሃ አንሶ ነው ይላል። ሌላው ለጎረቤት አገር እየተሸጠ ነው ይላል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ወስደውት ነው የሚልም አለ። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ጠነከረ። አንዲት ጎረቤቴ በቀጥታ ጠየቀችኝ፦ «5,150 ሜጋዋት አለን እየተባለ የእኔ ምጣድ ለምን አይግልም?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። እሷም እንደሌላው ሰው ለግድቡ ከኪሷ አዋጥታለች። መልስ ይገባታል። መልሱ ያለው ግን ግድቡ ጋ ሳይሆን ከቤቷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ምሰሶ ላይ ነበር። ይህን ለማሳየት መንገዱን ከላይ ጀምሮ መውረድ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ ከመነጨ በኋላ ሩቅ ከመጓዙ በፊት ቮልቴጁ፣ ማለትም የሚገፋው ግፊት፣ ከፍ ይደረጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያው ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲላክ በሽቦው የሚያልፈው ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ያንሳል። በሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከህዳሴ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት ወደ ሆለታ የሚጓዘው። የጣና በለስም በ400 ኪሎ ቮልት ወደ ባሕር ዳር ይመጣል።

የወሎ የኃይል በር ኮምቦልቻ ናት። ከሰሜን በኩል በ230 ኪሎ ቮልት ከአላማጣ ጋር ትገናኛለች። አላማጣ በመቀሌ በኩል ከተከዜ፣ በጋሸና በኩል ደግሞ ከባሕር ዳር ጋር የተያያዘች ናት። ከደቡብ የሚመጣው የቆየው መስመር 132 ኪሎ ቮልት ሲሆን በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት በኩል ያልፋል። ወደ አፋር ሰመራ የሚሄደውም መስመር ከኮምቦልቻ ይነሳል። እዚያው ኮምቦልቻ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ቮልቴጁ ወርዶ ለፋብሪካው፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኩና ለመኖሪያው ይከፈላል። የደሴው ዳገቱን ይወጣል። በመጨረሻ 15 ኪሎ ቮልት ሆኖ በየሰፈሩ ይዞራል። ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ያንን ለቤት ወደሚሆነው 220 ቮልት ያወርደዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «እኛ የምንጠቀመው የተከዜን ነው ወይስ የህዳሴን?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። መለየት አይቻልም። ተከዜ 300 ሜጋዋት፣ በለስ 460፣ ጊቤ 3 ደግሞ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሁሉም በአንድ መረብ ታስረው በሰከንድ 50 ጊዜ እኩል እየተመላለሱ ነው የሚሠሩት። ደሴ ላይ አንድ አምፖል ሲበራ ሁሉም በጋራ ነው የሚሸከሙት።

የማመንጫ እጥረት ሲመጣ ምን እንደሚመስል አይተነዋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ 476 ሜጋዋት ጎደለ ተባለ። ያኔ ፈረቃ ወጣ። አገሩ ሁሉ በሰዓት ተከፋፍሎ ሲጠፋበትና ሲመጣለት ከረመ። ለውጭ የሚሸጠውም ቆሞ ነበር። የመስመር ችግርም ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጨለማው የአንድ ሰፈር ሳይሆን የከተማ ነበር። የሰፈራችን ችግር ከሁለቱም ጋር አይመሳሰልም። ፈረቃ የለም፣ ማዶው ይበራል፣ የእኛ ግን ማታ ማታ ይደክማል።

ስለዚህ ለመለካት ወሰንኩ። ጎረቤት ያለ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይዞ ተከተለኝ። ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እራት በሚያሰናዳበት ጊዜ፣ ቤት ለቤት እየዞርን ሶኬት ላይ ቮልቴጅ ለካን። ከትራንስፎርመሩ ሥር ጀምረን ወደ ዳገቱ ወጣን። የጠበቅኩት ከሥር ጥሩ ሆኖ እየራቅን በሄድን ቁጥር እየቀነሰ እንዲመጣ ነበር። ሽቦ ሲረዝም ቮልቴጅ ይወርዳልና። መሀል ሰፈር ስንደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አሉ። የአንደኛው ሶኬት 172 ቮልት አነበበ። የጎረቤቱ 214። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ተመልሼ ለካሁ። ያው ነው።

172 ያነበበው የአንዲት እናት ቤት ነው። ቁጥሩን ስነግራቸው ሳቅ አሉና፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ ይህን ስነግራችሁ ከርሜአለሁ። የእሷ ቤት ምጣድ ሲግል የእኔ አይግልም። ሊጡ ነው አላችሁኝ» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ሁለቱ ቤቶች የሚሳቡት ከአንድ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ላይ ግን ያለው ሽቦ አንድ አይደለም። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ እና አንድ ኒውትራል፣ ማለትም የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ አለ። መኖሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ፌዝና ኒውትራሉን ነው። የእናትየው ቤት የያዘው ፌዝና የጎረቤታቸው ፌዝ የተለያዩ ናቸው። በዚያን ማታ ደብተሩ ላይ ቤቶቹን በፌዛቸው ስንለያይ ነገሩ ፍንትው አለ። የሰፈሩ አብዛኛው ቤት አንዱን ፌዝ ይዟል። ሰፈሩ ቀስ በቀስ ነው ያደገው። መጀመሪያ ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ቀጥሎ ግቢው ተከፍሎ ሰርቪስ ተሠራ፣ ሰርቪሱ ተከራየ፣ ተከራዩም ምጣድና ስቶቭ ይዞ ገባ። አዲስ የሚገባው ሁሉ ለመያዝ የሚመቸውን ሽቦ ይዞ ሄደ። ፌዙን የሚቆጥር አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ምጣድ ትንሽ ልቆይ። የዚህ ጉዳይ ልቡ ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአማካይ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ከረንት ማለት ነው። የሰፈራችን ትራንስፎርመር 200 ኬቪኤ ነው፤ ኬቪኤ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው። ይህ መጠን ያለው ትራንስፎርመር በአንድ ፌዝ በምቾት የሚሰጠው 289 አምፒር ያህል ነው። ለ16 ሲካፈል 18 ምጣድ። በቃ። አምፖልም ፍሪጅም ሳይቆጠር፣ በአንድ ፌዝ ላይ 18 ምጣድ እኩል ከተጣደ ፌዙ ሞላ። በሦስቱም ፌዝ 54 ምጣድ ነው። የእኛ ሰፈር የምጣድ ብዛት ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት አይጣድምና ለሦስት በእኩል ቢከፈል ይበቃን ነበር። ግን ጭነቱ ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለበት አህያ ነበር የሆነው። ድምሩን ይችለዋል፤ አጫጫኑ ነው የሚጥለው።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። ቮልቴጅ ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት ከዚያ በባሰ ፍጥነት ይወርዳል። 220 ወደ 172 ሲወርድ የቀነሰው ከሩብ ያነሰ ይመስላል። ምጣዱ ግን ከ3.5 ኪሎ ዋት ወደ 2.1 ገደማ ይወርዳል። ወደ አርባ ከመቶ የሚጠጋ ሙቀት አጣ ማለት ነው። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ጋገራ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ነው። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጥዳለች። ቀድሞ ሳይገናኙ ያልፉ የነበሩ ምጣዶች አሁን ተደራርበው አንድ ላይ ያመሻሉ። በዚህ ምክንያት መብራቱ ሲደክም ይበልጥ ይደክማል። የበዓል ዋዜማን አስቡት። እኛ ደሴዎች ለገናም ለአረፋም ለመውሊድም የምናዘጋጀው ለራሳችን ብቻ አይደለም። ለጎረቤትም ነው። በዓሉ የማንም ይሁን፣ ዋዜማው ላይ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ይጣዳል።

«ታዲያ ምጣዱን ቀንሱ» የሚል አንድ ጎረቤት ነበር። አልተስማማሁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንት እናቶችን ከጭስ እንዳወጣ አውቃለሁ። እናቴ ዓይኗ እየነደደ የጋገረችበት ማድቤት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ወደዚያ መመለስን እንደ መፍትሔ ማቅረብ አልፈልግም።

ደብተሩን ይዘን ለጥገና ባለሙያዎች አመለከትን። ሲመጡ ከቀድሞው የተለየ ነገር አልነገርናቸውም፤ «መብራት ይደክማል» ነው ያልነው። ደብተሩን ግን አሳየናቸው። ከመጡት አንዱ፣ ዕድሜው ጠና ያለ ሰው፣ ገጹን ገልብጦ አየና «ይህንን ማን ሠራው?» አለ። ተማሪው አፈረ። ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «አብሽር፣ ጥሩ ነው የሠራችሁት» ብሎ ወደ ሥራው ገባ።

ማታ ተመልሰው መጡ። ይህን አመሰግናለሁ፤ ቀን ቢለኩት ኖሮ ምንም አያገኙም ነበር። መሰላል ላይ የወጣው ልጅ ክላምፕ ሜትሩን፣ ሽቦ አቅፎ ከረንት የሚለካውን መሣሪያ፣ ከትራንስፎርመሩ በሚወጡት ሽቦዎች ላይ አንድ በአንድ አጠለቀ። የመጀመሪያው ከ300 አምፒር በላይ አነበበ። ሁለተኛው 200 አልደረሰም። ሦስተኛው ከ100 ብዙም አይበልጥ። ከታች ሆነን ቁጥሩን ሲጠራ ሁላችንም ዝም አልን። ድምሩ ከትራንስፎርመሩ አቅም በታች ነው። አንደኛው ጎን ግን ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ሌላው ባዶውን ቆሟል።

ከዚያ የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ። ጭነት የበዛበት ፌዝ ፊውዝ የለውም። በፊውዙ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ታስሯል። ማን እንዳሰረው የሚያውቅ አልተገኘም። ነገሩ ግን ይገባኛል። በየበዓሉ ያ ፊውዝ ሲቃጠል ግማሽ ሰፈር ይጨልማል፤ አንድ ቤት እያለፈ ይጠፋል። ሰው ይማረራል። ወፍራም ሽቦ ሲታሰርበት አይቃጠልም። ያኔ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ትራንስፎርመር ውስጥ የመዳብ ጥቅልሉን የሚለየው በዘይት የራሰ ወረቀት ነው። ከአቅም በላይ ሲጫን ዘይቱ ይግላል፣ ወረቀቱ እየደረቀና እየጠቆረ ይሄዳል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዕድሜው ይበላል። አንድ ቀን ይፈነዳል፤ ሰፈሩም አዲስ እስኪመጣ ድረስ በጨለማ ይከርማል። እባካችሁ፣ ፊውዝ ሲደጋግም በተቃጠለ ቁጥር አንድ ነገር እየነገረን ነው። አፉን በሽቦ አንድፈነው።

ሌላው ያገኙት የላላ የኒውትራል ማያያዣ ነው። ይህ ደግሞ የአንድ ጎረቤታችንን የቆየ ጥያቄ መለሰ። ከዚያ በፊት አንድ ማታ መብራቱ ሳይታሰብ ቦግ ብሎ፣ የእሱ ቴሌቪዥንና የሌሎችም ዕቃ ተቃጥሎ ነበር። ሦስቱ ፌዞች እኩል ከተጫኑ ኒውትራሉ ላይ የሚያልፈው ከረንት ትንሽ ነው። ሚዛኑ ሲዛባ ግን ኒውትራሉም ይጫናል። በላላው ማያያዣ ላይ ይግላል፣ ይበልጥ ይላላል። ለአፍታ እንኳ ከተለቀቀ ጭነት ያነሰበት ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ቮልቴጅ ከ220 እያለፈ በሁለት ፌዝ መካከል ወዳለው 380 ሊጠጋ ይችላል። የሚገርመው፣ በዚያ ማታ ዕቃቸው የተቃጠለባቸው መብራታቸው ደህና የነበሩት ቤቶች ናቸው። ሚዛን መዛባቱ የሚጎዳው ደካማውን ፌዝ የያዘውን ብቻ አይደለም።

ሥራው ራሱ ትልቅ አልነበረም። ባለሙያዎቹ በደብተሩ እየተመሩ ከከበደው ፌዝ ቤቶችን እያነሱ ወደ ቀለሉት ሁለቱ አዛወሩ። ምጣድ የበዛባቸውን ግቢዎች ሆን ብለው በታተኗቸው። የኒውትራሉን ማያያዣ ቀይረው አጠበቁ። የመዳቡን ሽቦ አውጥተው በልኩ ፊውዝ አስገቡ። አዲስ ትራንስፎርመር አልመጣም። ከግድቡ አንድ ሜጋዋት እንኳ አልተጨመረልንም።

ማታ እንደገና ዞረን ለካን። ግድግዳ የሚጋሩት ሁለቱ ቤቶች 203 እና 206 አነበቡ። ጎረቤትየው ከነበራት ትንሽ ወረደባት፤ ቅር አላላትም። በቀጣዩ በዓል ዋዜማ ፊውዙ አልተቃጠለም። እናትየው ያን ዕለት ገና በጊዜ እንጀራቸውን ጨርሰው ለእኔም ለተማሪውም ላኩልን። የእንጀራውን ዓይን ሳየው ደስ አለኝ።

ይህን ጉዳይ ለኮምቦልቻ ወዳጄ ስነግረው የራሱን አጫወተኝ። ወፍጮ ቤት አለው። የወፍጮ ሞተር በሦስት ፌዝ ነው የሚሠራው። አንዱ ፌዝ ሲጠፋበት ሞተሩ እያጓራ ይቆማል፤ ቶሎ ካላጠፉት ይቃጠላል። ከዚህ በፊት አንድ ሞተር እንዲሁ አቃጥሎ ለማስጠቅለል ብዙ ወጪ አውጥቷል። ፌዝ ሲጎድል ራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ እንዲያስገባ መከርኩት። ዋጋው ከሞተር ማስጠቅለያ ጋር አይወዳደርም። ለሞተር ባለቤቶች ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

እንደኛ መለካት ለምትፈልጉ፦ ሶኬት ላይ በደህና መለኪያ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ይሁን። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን አትንኩ። ምሰሶ ላይ የሚወጣው ባለሙያው ነው። የምትመዘግቡት ቤቱን፣ ሰዓቱንና ቮልቱን ነው። ማታ ለኩ፤ ቀን የለካችሁት አይጠቅማችሁም። ከተቻለ በተከታታይ ምሽቶች፣ ከዚያም በበዓል ዋዜማ ለኩ። «መብራት ይደክማል» የሚል አቤቱታና «ይህ ቤት 172፣ ጎረቤቱ 214» የሚል ወረቀት እኩል አይሰሙም።

ያልተፈታው የላይኛው ረድፍ ነው። ዳገቱ ጫፍ ያሉት ቤቶች ከሚዛን ማስተካከያው በኋላም ማታ ከ185 ቮልት ብዙም አይበልጡም። የእነሱ ችግር ፌዝ አይደለም፤ ርቀት ነው። ለቤት የሚሆነው የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ከትራንስፎርመሩ እዚያ ድረስ በቀጭን ሽቦ ይሳባል። መፍትሔው ከግድቡ እስከ ኮምቦልቻ የሚሠራበት ያው ሕግ ነው፤ ኃይሉን በተቻለ መጠን በከፍተኛ ቮልቴጅ አቅርቦ ማውረድ። 15 ኪሎ ቮልቱ ዳገቱን ወጥቶ እዚያው ላይ አነስ ያለ ትራንስፎርመር ቢተከል፣ ያንኑ ኃይል ለመውሰድ የሚያስፈልገው ከረንት በ37 እጥፍ ገደማ ያንሳል። በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ደግሞ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ለምሰሶው የሚሆን ጠንካራ ቦታ ከባለሙያዎቹ ጋር አይተናል። ቦታው የተመረጠው በጥንቃቄ ነው፤ ደሴ ላይ ክረምት ሲመጣ መሬቱ ይንሸራተታል፣ ምሰሶም ይዘማል። ማመልከቻው የላይኛው ረድፍ ነዋሪዎች ሁሉ ፈርመውበት ገብቷል፤ የተማሪው ሠንጠረዥም አባሪ ሆኗል። ትራንስፎርመሩ እስኪመጣ የላይኛው ረድፍ ቤቶች ተስማምተው የበዓል እንጀራቸውን ጠዋት ይጋግራሉ።